የልብ ሳርኮይዶሲስ፦ ለክትትል ፔት ስካን ከመግባትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለልብ ሳርኮይዶሲስ ሕክምና የጀመረ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ስቴሮይዱ ፕሬድኒዞን ይቀነስ? ባለበት ይቀጥል? ወይስ ሌላ መድኃኒት ይጨመርበት? ዛሬ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ባሉ ብዙ ማዕከላት ለዚህ ጥያቄ ዋናው ማስረጃ ፔት ስካን ነው። ያ ምስል ግን የሚታመነው ከመነሳቱ በፊት የተደረገው ዝግጅት የሚታመን ሲሆን ብቻ ነው። የዝግጅቱ ትልቁ ክፍል ደግሞ በእርስዎና በወጥ ቤትዎ እጅ ነው። እንጀራ እየበላ ያደገ ሰው «ካርቦሃይድሬት አይብሉ» የሚል አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ተሰጥቶት ሲሸኝ ማየት ያሳስበኛል። በዚያ አንድ መስመር ምክንያት ምስሉ ሊበላሽና መድኃኒቱ ያለ በቂ ምክንያት ሊጨመር ወይም ሊቀነስ ይችላል።

ምስሉ የሚያየው ምንድን ነው?

ሳርኮይዶሲስ የመከላከያ ሕዋሳት በውል ባልታወቀ ምክንያት ተሰባስበው ግራኑሎማ የሚባሉ ጥቃቅን ጓጎሎች የሚሠሩበት በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ ሳንባንና ደረት ውስጥ ያሉ ንፍፊቶችን ይይዛል። ከታማሚዎቹ 5 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የልብ ምልክት ያሳያሉ፤ በአስከሬን ምርመራና በምስል ሲፈለግ ግን ልባቸው የተነካው ከዚያ በጣም ይበዛሉ። በሽታው ልብ ውስጥ ሲገባ የኤሌክትሪክ መስመሩን ይዘጋል፤ ምቱ ይዘገያል፣ ሰው ድንገት ራሱን ይስታል። አንዳንዴ ምቱ በአደገኛ ሁኔታ ይፈጥናል፤ አንዳንዴም ልብ ቀስ በቀስ ይደክማል። በአሜሪካ ጥቁሮች በሳርኮይዶሲስ የመያዝ ዕድላቸው ከነጮች ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ያለ በቂ ምክንያት ራሱን ከሳተ ወይም በወጣትነቱ ፔስሜከር ያስፈልግሃል ከተባለ፣ ስለዚህ በሽታ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ለምርመራው በደም ሥር የሚሰጠው ኤፍዲጂ የሚባል ስኳር መሰል ንጥረ ነገር ነው። ፍሎሪን-18 የተባለ ጨረር ሰጪ ተያይዞበታል፤ ጨረሩም በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። የተቆጡ የመከላከያ ሕዋሳት ስኳርን በብዛት ስለሚወስዱ ኤፍዲጂውን ይዘው ያስቀራሉ፤ ብግነቱ ያለበት ቦታም በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል።

ችግሩ ጤነኛ የልብ ጡንቻም ስኳር መብላቱ ነው። ልብ የቀረበለትን ያነዳል፤ ስኳር ካገኘ ስኳሩን፣ ስብ ብቻ ካገኘ ስቡን። ስለዚህ በምርመራው ዕለት ጤነኛው ጡንቻ ወደ ስብ ዞሮ ጨልሞ መታየት አለበት፤ ያን ጊዜ የበሽታው ቦታ ብቻ ይበራል። የምግቡ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለየትኛው የልብ ሕመም ነው?

የልብ ብግነት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፔት ስካን በሕክምና ክትትል ጠንካራ ቦታ የያዘው በልብ ሳርኮይዶሲስ ነው። ለትልልቅ የደም ሥሮች ብግነት እንዲሁም ለሰው ሠራሽ ቫልቭና ለፔስሜከር ኢንፌክሽንም ያገለግላል። በቫይረስ ለሚመጣ የልብ ጡንቻ ብግነት ግን የሚቀድመው ኤምአርአይ ነው። አገር ቤት ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ደግሞ የሚከታተሉት በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ነው፤ ዳግም እንዳያገረሽ የሚከላከሉትም በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ በሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ለእሱ ሲባል ፔት ስካን ፍለጋ ንብረት ሸጦ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። መርፌው ሳይቋረጥ የሚገኝበትን መንገድ ማመቻቸት ይበልጣል።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት መዘጋት ያለባቸው ጥያቄዎች

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። የሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) ግራኑሎማ ይሠራል፤ ፔት ስካን ላይም እንደ ሳርኮይዶሲስ ደምቆ ይታያል። ማሽኑ ሁለቱን አይለይም። ነቀርሳ ያለበት ሰው «ሳርኮይዶሲስ ነው» ተብሎ ስቴሮይድ ብቻ ቢሰጠው ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ከሚደርሱበት ንፍፊት ወይም ከሳንባ ናሙና ተወስዶ ለነቀርሳ ተመርምሯል ወይ ብለው ይጠይቁ። ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየ ነቀርሳ መኖሩ አስቀድሞ በምርመራ መታየት አለበት። ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ።

ሌላው ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል ነው። ከአፈር በባዶ እግር ይገባል፤ ሰው ከአገር ከወጣ በኋላ እንኳ ለአሥርት ዓመታት ምንም ሳያሳይ አብሮት ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ሲጀመር ግን በመላ ሰውነት ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በአይቨርሜክቲን ይታከማል። ሞቃታማ አገር ሠርተው የማያውቁ ሐኪሞች ይህ ላያስታውሳቸው ይችላልና እርስዎ ያስታውሷቸው። «ያደግሁት ገጠር ነው፣ ልጅ ሆኜ ያለ ጫማ እሄድ ነበር» ማለት ሕክምናውን የሚቀይር መረጃ ነው።

የመጀመሪያው ምስል አለ?

ክትትል ማለት ማወዳደር ነው። ስቴሮይድ ከተጀመረ በኋላ የተነሳ ምስል ብቻውን ብግነቱ ቀነሰ ወይስ ድሮም ትንሽ ነበር የሚለውን አይመልስም። ሁኔታዎ ቸኩሎ መታከምን የማይጠይቅ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ኪኒን ከመዋጡ በፊት መነሻ ምስል እንዲነሳ ይጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ምስሎች በአንድ ማሽን፣ በተመሳሳይ የምግብ ዝግጅት፣ መርፌው ከተሰጠ በኋላም በተቀራረበ ደቂቃ ቢነሱ ይመረጣል። ብዙ ማዕከላት ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ሪፖርቱ ላይ የሚያዩት ኤስዩቪ የሚባለው ቁጥር የብርሃኑ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ማሽኑና ሰዓቱ ሲለወጡ እሱም ይለወጣል። አንዱ ሆስፒታል 6 ያለውን ሌላው 4 ስላለ ብቻ መድኃኒቱ ሠራ ማለት አይቻልም።

ከኤፍዲጂው ጎን የደም ፍሰት ምስልም መነሳት አለበት። ይህ በሩቢዲየም-82 ወይም በናይትሮጅን-13 አሞኒያ ይነሳል፤ እነሱ በሌሉበት በሌላ የኑክሊየር ካሜራ ይሠራል። ደም የማይደርሰውና ብግነትም የሌለበት ቦታ ጠባሳ ነው፤ ደም ያነሰውና የሚበራው ቦታ በሽታው አሁንም እየሠራበት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቦስተን በወጣ የ118 ሕሙማን ጥናት፣ የደም ፍሰቱም ኤፍዲጂውም የተበላሸባቸው ሰዎች ሁለቱም ምስሎች ደህና ከሆኑላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመሞት ወይም በአደገኛ የምት መፍጠን የመያዝ ዕድላቸው 4 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ምስል ብቻ ከታዘዘልዎ «ሌላውስ?» ብለው ይጠይቁ።

ምርመራው ከወጥ ቤት ይጀምራል

እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የአሜሪካ የኑክሊየር ሕክምና ማኅበራት በጋራ ያወጡት ሰነድ ሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ማዕድ ከ35 ግራም በላይ ስብና ከ3 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት መብላት፣ ከዚያ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መጾም ነው። ሁለተኛው 18 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ምንም ሳይበሉ መቆየት ነው። የእርስዎ ማዕከል የራሱ ደንብ ይኖረዋል፤ የሚከተሉትም እሱን ነው። እኔ የምጨምረው የደንቡን ትርጉም በእኛ ማዕድ ላይ ነው።

3 ግራም ማለት በጣም ጥቂት ነው። አንድ ሁለት ጉርሻ እንጀራ ይጨርሰዋል። ጤፍም ይሁን ገብስ፣ ቂንጬም ይሁን ቆሎ፣ ቆጮም ይሁን ዳቦ በዚያ ቀን ከማዕድ ይወጣል። ሽሮ፣ ምስርና ክክም ካርቦሃይድሬት አላቸው። ወተትና እርጎ ስኳር አላቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በሽንኩርት ነው። አንድ መካከለኛ ራስ ቀይ ሽንኩርት ብቻውን 10 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይይዛል፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ የሚሠራው በስንት ራስ እንደሆነ ያውቃሉ። ያለ እንጀራ ቢበላ እንኳ ዶሮ ወጥ ለዚያ ቀን አይሆንም። ቲማቲም የገባበት ጥብስም አይሆንም።

ታዲያ ምን ይበላል? ሦስት እንቁላል በሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ቢጠበስ ከእንቁላሉ 15 ግራም፣ ከቅቤው 25 ግራም ገደማ ስብ ይገኛል። 35ን ያልፋል፤ ካርቦሃይድሬቱም ከ3 በታች ይሆናል። ስብ ያለው የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ያለ ሽንኩርትና ያለ ቲማቲም በቅቤ ቢጠበስም ይሆናል። ዶሮ ከነቆዳው፣ ዱቄት ያልነካው የተጠበሰ ዓሣም እንዲሁ። ክትፎ ስብና ሥጋ ስለሆነ የሚስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ጥሬ ሥጋም ለብለብም መብላት የለበትም። በደንብ ይብሰልና ያለ አይብና ያለ ቆጮ ይብላ።

ጾሙ ከጀመረ በኋላ ውሃ ብቻ ነው። ስኳር ያለው ቡና፣ ማር፣ ማስቲካ፣ የጉሮሮ ከረሜላ፣ የሳል ሽሮፕ፣ ሁሉም ስኳር ናቸው። ያለ ስኳርም ቢሆን ቡና ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ልብን በመድኃኒት የሚያስሮጥ ምርመራ አብሮ ካለ አስቀድሞ ይከለከላል። ከባድ ስፖርትና ሸክም ለ24 ሰዓት ይቅር። ሆስፒታል ተኝተው ከሆነ ደግሞ ከአልጋዎ በላይ የተሰቀለውን ከረጢት ይመልከቱ። ግሉኮስ ያለው ከሆነ ነርሷን ይጠይቁ፤ የአንድ ቀን ጥንቃቄ በአንድ ከረጢት ይጠፋል።

በብዙ ማዕከላት የምግብ መዝገብ ይሰጣል። እናት ትናገራለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። «ጥብስ፣ ዘጠኝ ሰዓት» ትላለች። ወረቀቱን የሚያነበው ባለሙያ የተጠበሰ ሥጋ ብሎ ያልፈዋል። ሥጋው ሥር የተነጠፈውን እንጀራ፣ አብሮ የተቁላላውን ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የምግቡን ስም ብቻ አይጻፉ፤ የገባበትን እያንዳንዱን ነገር ይዘርዝሩ፤ ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ያድርጉት። ስህተት ከተፈጠረ ደብቀው ከመግባት ተናግረው ቀጠሮ ማዛወር ይሻላል። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ይህን ሸክም ልጅዎ ላይ መጣል የለብዎትም።

ጾመኛ ከሆኑ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ። በዓቢይ ጾም ወቅት ሥጋና ቅቤ ያለበት ዝግጅት አይስማማም፤ «የጾም ምግብ ቀላል ነው» ብሎ ሽሮ በልቶ መሄድ ደግሞ ምርመራውን ያበላሻል። የ18 ሰዓቱ መንገድ ለእንደዚህ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ ይፍቀደው። የንስሐ አባትዎንም ቀድመው ያናግሩ፤ ሕክምና ነውና ያደምጡዎታል። ምርመራው መቆየት የሚችል ከሆነ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ለቀጠሮ ይመቻሉ። በረመዳን ያለ ሙስሊም ደግሞ በዋዜማው ማፍጠሪያውን ከተምርና ከሳምቡሳ ነጻ አድርጎ በማፍጠሪያና በሱሁር ሁለቱን የስብ ማዕድ ማሟላት ይችላል።

የስኳር ሕመም ካለብዎ ነገሩ ይከብዳል። ፕሬድኒዞን ራሱ ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ስኳሩን ወደ ልብ ጡንቻ ይነዳል። በራስዎ ውሳኔ ኢንሱሊን ማቆምም ሆነ ወስዶ 18 ሰዓት መጾም አደገኛ ነው። መቼ፣ ስንት እንደሚወስዱ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ቀጠሮውም የጠዋቱ የመጀመሪያ እንዲሆን ይጠይቁ።

ውጤቱ ሲመጣ

ልቡ ሁሉ በአንድነት ከበራ ብዙውን ጊዜ ዝግጅቱ አልሠራም ማለት ነው። የግራ ጎኑ ግድግዳ ብቻውን ቀለል ብሎ ቢበራ፣ የደም ፍሰቱም ደህና ከሆነ፣ በሽታ ላይሆን ይችላል። እዚህም እዚያም በነጠብጣብ የሚታይ ብርሃን ነው ይበልጥ የሚያስጠረጥረው። ስለዚህ «ብግነቱ ጨምሯል» ሲባሉ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ዝግጅቱ ሠርቷል ተብሎ ተጽፏል?» ይሁን። ይህ ያልተጻፈበት ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ የመድኃኒት መጠን እንዲለወጥ መስማማት ከባድ ነው፤ እኔ ብሆን ምርመራው እንዲደገም እጠይቃለሁ።

ብርሃኑ ከጠፋ ደስ ይላል፤ ሕክምናው ብግነቱን አብርዷል ማለት ነው። ጠባሳው ግን አልተነሳም። አደገኛው የምት መዛባት ከጠባሳም ይመጣል፤ ስለዚህ ፔት ስካኑ ንጹሕ ነው ተብሎ ከቆዳ ሥር የተቀበረ ዲፊብሪሌተር (አደገኛ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ) ካለ አይወጣም። ፕሬድኒዞንንም በአንድ ቀን አያቁሙ። ለወራት ስቴሮይድ የወሰደ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ይተዋል፤ ድንገት ሲቋረጥ ሰው ተዝለፍልፎ ሊወድቅና ሕይወቱም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በቀን ከ30 እስከ 40 ሚሊግራም ነው፤ የሚወርደውም ደረጃ በደረጃ ነው። መድኃኒት ሲቀነስ ወይም ሲቆም ብግነቱ መመለሱ የተለመደ ስለሆነ ከማቆምም በኋላ ምስል ይነሳል።

ስንት ጊዜ ይደገም የሚለው በሁሉም ዘንድ የጸደቀ አንድ ሰሌዳ የለውም። ብዙዎች ሕክምና ከተጀመረ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይደግሙታል፤ ከዚያም መድኃኒት ሲለወጥ። በፔት የተመራ ሕክምና ከሌላው ይልቅ ዕድሜ ያራዝማል ብሎ ያረጋገጠ ትልቅ፣ ሕሙማን በዕጣ የተመደቡበት ጥናት ግን የለም፤ የምናውቀው በአብዛኛው ማዕከላት የራሳቸውን ሕሙማን መዝገብ ወደኋላ አይተው ያገኙትን ነው። ቻዝም የተባለውና በካናዳ የሚመራው ጥናት ሙሉ የፕሬድኒዞን ሕክምናን ሜቶትሬክሴት ከሚባል ሌላ መድኃኒትና ከአጭር ጊዜ ፕሬድኒዞን ጋር ያወዳድራል፤ ዋና መለኪያ ያደረገውም በ6 ወር በፔት የሚታየውን የልብ የደም ፍሰት ጉድለት ነው። ስለዚህ ምስሉ ከኢኮ፣ ከሆልተር (የልብ ምት መቅጃ)፣ ከፔስሜከር ንባብና ከእርስዎ ከራስዎ ስሜት ጋር ይነበብ። ምስሉ ቢጠራም ማዞርና የልብ መምታት ከተሰማዎ ይናገሩ።

ጨረር፣ ገንዘብና ጉዞ

ከኤፍዲጂው የሚገኘው ጨረር በተለመደው መጠን 7 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ በአሜሪካ አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው 3 ያህል ነው። አብሮ የሚነሳው የሲቲና የደም ፍሰቱ ምርመራ ድርሻ ይጨመርበታል። ለልብ ሳርኮይዶሲስ የሚከፈል ተመጣጣኝ ዋጋ ነው እላለሁ፤ ያለ ጥያቄ በየሦስት ወሩ የሚደጋገም ግን መሆን የለበትም። እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከጠረጠሩ፣ የሚያጠቡም ከሆነ፣ ቀጠሮ ሲይዙ ይናገሩ።

ጃፓን ይህን ምርመራ ለልብ ሳርኮይዶሲስ በሕዝብ መድን መሸፈን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር ኤፍዲጂ ፔትን ለብግነት አልከፍልም የሚለውን አገር አቀፍ ክልከላ ከጥር 2021 ጀምሮ አንስቶ ውሳኔውን ለየአካባቢው ተቋራጮች ትቶታል። የግል ኢንሹራንሶች ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ሁለተኛው ምርመራ «ባለፈው ተሠርቷል» ተብሎ ሊከለከል ይችላል። ሐኪምዎ ለኢንሹራንሱ ሐኪም በስልክ ሊያስረዱ ይችላሉ፤ እንዲያደርጉት ይጠይቋቸው።

ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስቡ ቤተሰቦች ሒሳቡን ለአንድ ጉዞ ብቻ አያስሉ። ለማወዳደር ሁለት ምስል ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በአንድ ቦታ ቢሆኑ ይመረጣል። ፍሎሪን-18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ስለሚጎድል ምርመራው የሚሠራው ማምረቻው ሳይክሎትሮን በቅርብ ያለበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ሆስፒታሉን «ፔት አላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ለልብ ሳርኮይዶሲስ ታነሳላችሁ? የምግብ ዝግጅታችሁ ምንድን ነው? የደም ፍሰቱንስ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ የፔት ማዕከላት የሚሠሩት ለካንሰር ነው፤ ለካንሰር የሚሰጠው የ6 ሰዓት ጾም ለልብ አይበቃም።

ሲጨርሱ ሪፖርቱን ብቻ ይዘው አይውጡ፤ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይጠይቁ። የማሽኑ ዓይነት፣ መርፌው የተሰጠበትና ምስሉ የተነሳበት ሰዓት፣ የዕለቱ የደም ስኳር፣ የወሰዱት የፕሬድኒዞን መጠንና የበሉት ምግብ ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉና ከሲዲው ጋር አያይዘው ያስቀምጡ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚያነበው ሐኪም ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።